ካንሰሩ ኬሞውን ተላምዷል ተብለናል፤ አባቴን «የጥምር መድኃኒት ሙከራ» ላስገባው?

የሐይቅ ልጅ፦

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከሐይቅ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። አባዬ 61 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ተሁለደሬ ገጠር ሲያርስ ኖሮ ካለፈው ዓመት ወዲህ እኔ ዘንድ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር አለበት። ሆዱን ሲቆርጠው ለአንድ ዓመት ያህል ለማንም ሳይናገር ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እየበላ ቆየ፤ የነገረን ደም ማየት ሲጀምር ነው። ደሴ ላይ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በሽታው ጉበቱ ላይ መድረሱ ታወቀ።

ኬሞውን የወሰደው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያው ኦክሳሊፕላቲን ያለበት ድብልቅ ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ እየተመላለስን አሥር ዙር ወሰደ። ከዚያ ወዲህ እጁ ቀዝቃዛ ነገር አይችልም። የሐይቅን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለሱብሒ ሰላት ውዱእ ሊያደርግ ውኃውን ሲነካ ጣቶቹን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይሰበስባቸዋል። ሌሊት እየተነሣሁ በማንቆርቆሪያ ውኃ አሞቅለት ጀመር። እርሱን ግን የሚያሳስበው የጣቶቹ ሕመም ሳይሆን እኔን ከእንቅልፌ ማስነሣቱ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጉበቱ ላይ ያሉት እጢዎች አነሱ። ከዚያ ባሉበት ቆሙ፤ ከዚያ ማደግ ጀመሩ። ዶክተሩ መድኃኒቱን ለውጠው ኢሪኖቴካን ያለበትን አዘዙለት። አራት ወር ያዘለት፤ ተቅማጡ ግን ሥጋውን ጨረሰው። የዛሬ ሦስት ሳምንት የተነሣው ሲቲ ስካን ሦስት አዳዲስ እጢዎች አሳየ። ዶክተሩ «ካንሰሩ ሁለቱንም መድኃኒቶች ተላምዷል» ብለው ነገሩን፤ ለመነጋገር በወሩ መጨረሻ ቀጥረውናል።

በዚህ መሐል በዘመድ በኩል አንድ ሰው ስልክ ደወለልን። ታማሚዎችን ወደ ሕንድ የሚያገናኝ ነው። እዚያ መድኃኒት ለተላመደ ካንሰር ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች በአንድ ላይ የሚሰጡበት ሙከራ እንዳለ፣ ቦታው ሊሞላ እንደሆነና 850 ሺህ ብር አስቀድመን ከከፈልን አባዬን እንደሚያስገባው ነገረን። ወንድሞቼ አባዬና ሟች እናቴ ሐይቅ ላይ ያሠሩትን ቤት እንሽጥ ይላሉ። አጎቶቼ ለአባዬ ወዳጃ አድርገው ዱዓ ካደረጉ በኋላ ነገሩን ለእኔ ተዉት፤ «የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። የተማርኩት ሒሳብ ማስተማር ነው።

ለየብቻቸው ያልሠሩ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሆኑ እንዴት ይሠራሉ? ሙከራ ማለትስ ሕክምና ማለት ነው ወይስ ሌላ ነገር? ቤቱ ቢሸጥ አልቆጭም፤ የሚቆጨኝ ጊዜው ነው። አባዬ የቀረውን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያና ሰው አገር ሆስፒታል ውስጥ ጨርሶት ምንም ሳይገኝ ቢቀር ለራሴ ምን እላለሁ? የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።


ፋርማሲስቱ ከኩታበር፦

አብሽሪ እኅቴ። አላህ አባታችንን ይማርልሽ። እኔ ኩታበር ተወልጄ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያደግሁ፣ ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት 19 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። የካንሰር ሐኪም አይደለሁም። ዶክተራችሁን የሚተካ ነገር አልናገርም፤ ከእርሳቸው ጋር ስትቀመጪ ምን እንደምትጠይቂ ግን ልነግርሽ እችላለሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡን በሚመለከት፤ እባክሽ ለዚያ ሰው አንድ ብር እንዳትሰጪ። በአግባቡ በሚካሄድ ሙከራ የሚሞከረው መድኃኒት ለታማሚው አይሸጥም። ወጪውን የሚሸፍነው ሙከራውን የሚያካሂደው ወገን ነው፤ ቦታ የሚሰጠውም ሐኪሞቹ ታማሚውን መርምረው መስፈርቱን ሲያሟላ ነው። ደላላ ስምሽን ዝርዝር ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። የአባትሽን የናሙና ውጤት ሳይጠይቅ «አስገባዋለሁ» ማለቱ ብቻውን ይበቃል። ጠይቆሻል? እንዳልጠየቀሽ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አንድ ላይ ሲሆኑ እንዴት ይሠራሉ ላልሽው፣ እኔ የገባኝ ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአያቴ ነው። አያቴ ሥጋ ደዌ ነበረባቸው። ቦሩ ሜዳ የሰፈሩትም ለዚሁ ሕክምና ነው። ለብዙ ዓመት የሚወስዱት ዳፕሶን የሚባለውን ክኒን ብቻ ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ሠራላቸው፤ ኋላ ግን ጆሯቸውና ቅንድባቸው ላይ እንደገና ማበጥ ጀመረ። ተሕዋሲያኑ ያንን አንድ መድኃኒት ተላምደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ለብቻው መሰጠቱ ቀርቶ ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር እንዲሰጥ መመሪያ አወጣ። እኔ ልጅ ሆኜ ትዝ የሚለኝ የሦስቱ መድኃኒቶች ማሸጊያ ነው፤ በወር አንድ ቀን ነርሷ ፊት የሚዋጠው ለብቻ፣ ቤት የሚወሰደው ለብቻ የተደረደረበት። ሽንታቸው ቀላ፤ ቆዳቸውም እንደ ተቆላ ቡና ጠቆረ። ሚስታቸው፣ ሴት አያቴ፣ ደንግጠው «ይኼ መድኃኒት ነው መርዝ?» እያሉ ያለቅሱ ነበር። እብጠቱ ግን ጠፋ፤ ተመልሶም አልመጣም። የተበላሹት ጣቶች አልተመለሱም፤ በሽታው ግን ለቀቃቸው።

የካንሰር መድኃኒትን አንድ ላይ የመስጠት ሐሳብም ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ውስጥ ኤሚል ፍሬይና ኤሚል ፍሬይሪክ የደም ካንሰር ላለባቸው ሕፃናት አራት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ መስጠት ጀመሩ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ በሽታው ለጥቂት ወራት ጋብ ብሎ ይመለስ ነበር።

አንቺ ሒሳብ ታስተምሪያለሽና በሒሳብ ላሳይሽ። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህል እጢ ውስጥ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉ ሕዋሶች አሉ። ከሚሊዮን ሕዋስ አንዱ ከመጀመሪያው መድኃኒት የሚያመልጥበትን መንገድ ያውቃል እንበል። መድኃኒቱ ሌሎቹን በሙሉ ቢገድል 1,000 ይተርፋሉ፤ እነዚያ ይራባሉ። ሲቲ ስካኑ መጀመሪያ «አነሰ» ኋላ «አደገ» ያላችሁ ይህንን ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ፈጽሞ በሌላ መንገድ የሚገድል ከሆነና ከሚሊዮን አንዱ ብቻ ከእርሱም የሚያመልጥ ከሆነ፣ ሁለቱንም የሚያመልጠው ከትሪሊዮን አንድ ነው። በአንድ ቢሊዮን ውስጥ እንዲህ ያለው ላይኖር ይችላል።

እውነቱን ስለጠየቅሽኝ ግን የሒሳቡን ጉድለትም ልንገርሽ። ጉበት ላይ የተሠራጨ ካንሰር አንድ ሴንቲ ሜትር አይደለም፤ ሕዋሶቹ ብዙ ቢሊዮን ናቸው። ደግሞም ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ማምለጫ የሚያመልጡ ሕዋሶች አሉ፤ የገባባቸውን መድኃኒት እንደ ፓምፕ ወደ ውጭ የሚተፉ ናቸው። ስለዚህ መደባለቅ በራሱ መፍትሔ አይደለም። ምን ከምን ጋር፣ ለማን ነው ጥያቄው። ሙከራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በአባትሽ በሽታ ምሳሌ ልስጥሽ። ለትልቁ አንጀት ካንሰር ቤቫሲዙማብ የሚባል መርፌ ከኬሞ ጋር ይረዳል፤ ሴቱክሲማብ የሚባለውም ለተመረጡ ታማሚዎች ይረዳል። ሁለቱም ይጠቅማሉና አንድ ላይ ቢሰጡ ይበልጥ ይጠቅማሉ ብሎ ማሰብ የማንም ሰው ሐሳብ ነው። ሆላንድ ውስጥ ካይሮ 2 በተባለ ሙከራ 755 ታማሚዎች ላይ ፈተኑት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። በሽታው ሳያድግ የቆየበት ጊዜ ኬሞና ቤቫሲዙማብ ብቻ ለወሰዱት 10.7 ወር ሲሆን፣ ሴቱክሲማብ ለተጨመረላቸው 9.4 ወር ሆነ። ጨምረው ቀነሱ። ሳይፈተን በጥሩ ሐሳብ ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ስንቱን ታማሚ በጎዳ ነበር!

ከዚያ ደግሞ የሠራውን ተመልከቺ። ከአንጀት ካንሰር ታማሚዎች መካከል ከመቶ ስምንት እስከ አሥር የሚሆኑት እጢያቸው ውስጥ ብራፍ የተባለው ዘረ መል ተለውጧል። ያንን የሚዘጋ ክኒን ለቆዳ ካንሰር ለብቻው ይሠራል፤ ለአንጀት ግን ምንም ያህል አልሠራም። ምክንያቱን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የቦርከናን ውኃ በአንድ በኩል ስትገድቢው በሌላው በኩል እንደሚሄደው ሁሉ፣ ብራፍ ሲዘጋ ሕዋሱ በላይ ያለውን ሌላ በር ይከፍታል። ያንን ሁለተኛ በር የሚዘጋው ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት ሴቱክሲማብ ነው። ስለዚህ ብራፍን የሚዘጋውን ኤንኮራፌኒብ የተባለ ክኒን ከሴቱክሲማብ ጋር አድርገው ቢከን በተባለ ሙከራ ፈተኑት፤ ከዚያ በፊት ኬሞ ወስደው በሽታው የተመለሰባቸው 665 ታማሚዎች ነበሩ። በተለመደው ሕክምና መካከለኛው ታማሚ የኖረው 5.4 ወር ነበር፤ በጥምሩ 8.4 ወር ሆነ። እኅቴ፣ ቁጥሩን ሳልደብቅ የጻፍኩልሽ ሆን ብዬ ነው። ሦስት ወር ነው። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ሦስት ወር ልጅ የሚዳርበት ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ደላላው የሚሸጥላችሁ ፈውስ አይደለም።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የምትፈልጊው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ያለው ሕንድ ሳይሆን ደሴ ነው። አባትሽ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል ሄዷል። እዚያ በሰም ይጠመቅና በትንሽ ፕላስቲክ ላይ ይቀመጣል፤ ጎኑ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። የሰም ብሎክ ይሉታል። ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ከእርሱ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ እየተነሣ ራስና ብራፍ የሚባሉት ዘረ መሎች፣ እንዲሁም ኤምኤስአይ የሚባለው (የሕዋሱ ዘረ መል መጠገኛ መበላሸቱን የሚያሳየው) ይመረመሩበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ውጭ ልከው የሚያስመረምሩ የግል ላቦራቶሪዎች አሉ። ራስ የተባለው ዘረ መል ተለውጦ ከተገኘ ሴቱክሲማብ አይጠቅማቸውም፤ ገንዘብም አታባክኑም። ኤምኤስአይ ከፍተኛ ከሆነ፣ ይህ በተሠራጨ የአንጀት ካንሰር ከመቶ አምስት በሚሆኑት ላይ የሚታይ ነው፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች በጣም ሊረዷቸው ይችላሉ። የትኛውም ሐቀኛ ሙከራ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንን ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዶክተሩን ጠይቂያቸው። ትራይፍሉሪዲን ቲፒራሲል የሚባል ክኒን ከቤቫሲዙማብ ጋር ሲሰጥ፣ እንደ አባትሽ ሁለቱንም ኬሞዎች ለጨረሱ 492 ታማሚዎች ተፈትኖ ክኒኑን ብቻ የወሰደው መካከለኛ ታማሚ 7.5 ወር ሲኖር ጥምሩን የወሰደው 10.8 ወር ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው የታተመው። ይህ አሁን ሙከራ አይደለም፤ የታወቀ ሕክምና ነው። አገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ እርሳቸው ይነግሩሻል። እርግጠኛ ሳልሆን ዋጋ አልጽፍልሽም።


ገራዶ፦

እኔ የምለው ግልጽ ነው። ሙከራ የሚሉት ነገር የድሃ ሰው ሥጋ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ግማሹን መድኃኒት ይሰጡታል፤ ግማሹን ባዶ ክኒን ሰጥተው ሲሞት ያዩታል። አባትሽን ቤቱ አስቀምጪው። ጠበልም ዱዓም አገራችን ላይ አለ።


እኅት ከወልድያ፦

ለገራዶ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ከዚህ በፊት ግፍ አልተፈጸመም አልልም። እኔ ግን ያየሁትን ልናገር፤ የማውቀው ከራሴ ቤት ነው።

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ 11 ዓመት ኖሯል። የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ያዘው። ሁለት ዓይነት ኬሞ አልመልስ ሲል ሐኪሞቹ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ እንዳለ ነገሩት፤ አንድ የታወቀ መርፌና ገና ስም የሌለው፣ በፊደልና በቁጥር ብቻ የሚጠራ ክኒን። እኔ ላስታምመው ሄጄ አምስት ወር አብሬው ነበርኩ።

የስምምነት ቅጹ 26 ገጽ ነበር። ሁለት ማታ ሙሉ አብረን አነበብነው፤ እርሱ ወደ አማርኛ እየመለሰልኝ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። «ይህ ጥናት እርስዎን ላይጠቅም ይችላል» ይላል። ጠዋት ሄዶ ሐኪሟን «ለእኔ የማይጠቅመኝ ከሆነ ለምንድን ነው የምገባው?» አላት። እርስዋም ሳታሽሞነሙን፣ የዚህ ምዕራፍ ዓላማ ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውነት የሚችለውን መጠን ማግኘት እንደሆነ ነገረችው። በመጀመሪያ ለሦስት ሰው ዝቅተኛውን መጠን ይሰጣሉ። ለጥቂት ሳምንት አይተው ከባድ ጉዳት ካልደረሰ ለሚቀጥሉት ሦስት ሰዎች ከፍ ያደርጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ከተጎዳ በዚያው መጠን ሦስት ሰው ይጨምራሉ፤ ሁለት ከተጎዱ ይመለሳሉ። ወንድሜ በሦስተኛው እርከን ላይ ነበር የገባው። ስለዚህ እህቴ፣ ሙከራ ሕክምና ነው ወይ ላልሽው፣ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከሆነ በዋናነት አይደለም። ጥቅም ካመጣ ተመስገን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ክኒኑን ከመዋጡ በፊት፣ ከዋጠው ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት፣ ከሁለት፣ ከአራት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ደም ቀዱት። ክንዱ ላይ ያለውን ፕላስተር እየቆጠርኩ ዋልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ፕላትሌቱ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው፣ ወረደና ክኒኑን አስቆሙት፤ ሲመለስ በግማሽ አስጀመሩት። በስምንተኛው ሳምንት ሲቲ ስካን ተነሣ። የሚለኩት በሚሊ ሜትር ነው፤ የእጢዎቹ ድምር ከዝቅተኛው ልኩ በ20 በመቶ ካደገ ሰውየው ከሙከራው ይወጣል። የእርሱ አድጎ ነበር። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ እጁን ይዛ ነው የነገረችው። ከዚያ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ኖረ።

ባዶ ክኒን ስላልከው፣ በካንሰር ሙከራ ላይ የታወቀ ሕክምና እያለ ታማሚን ያለ ሕክምና ትቶ ባዶ ክኒን መስጠት ሥርዓቱ አይደለም። በዕጣ ሲከፋፈሉ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ወገን የሚያገኘው ያኔ ያለውን የተለመደ ሕክምና ነው። ወንድሜ እንደ አይጥ አልታየም፤ በፈለገው ቀን መውጣት እንደሚችል በየጊዜው ይነግሩት ነበር። ቢሆንም ሁሉ ነገር ለእርሱ ቀላል የሆነው እዚያው ስለሚኖር ነው። ከቤቱ እስከ ሆስፒታሉ 20 ደቂቃ ነበር፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ ማታ አልጋው ላይ ያድራል። የአንቺ አባት እንዲህ አይሆኑም። በየሳምንቱ ደም የሚሰጡበት አገር ላይ ማን ያስተረጉምላቸዋል? የውዱእ ውኃ ማን ያሞቅላቸዋል? ይህንን ያነሣሁት ላስፈራሽ አይደለም። እኔን ሲያሳስበኝ የኖረው ወንድሜ ሙከራው ውስጥ መግባቱ አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሕመሙን ሳንናገርለት መቆየታችን ነው። «ሞርፊን ከጀመርኩ አበቃልኝ» እያለ ይፈራ ነበር፤ እኔም አብሬው ፈራሁ። ሲጀምር እንቅልፍ ተኛ፤ ሾርባ ጠየቀ፤ ወልድያ ከእናታችን ጋር በስልክ ሲያወራ ዋለ። ያ ከአንድ ወር በፊት ሊሆን ይችል ነበር። አባትሽ ያማቸዋል? ስለ ሕመማቸው ምንም አልጻፍሽም።


ፋርማሲስቱ ከኩታበር፦

እኅቴ ከወልድያ፣ እግዜር ያጽናሽ። እኔ ከመድኃኒት ጀርባ ሆኜ ያላየሁትን አሳየሽኝ።

ገራዶ፣ ጎረቤቴ ነህና በቅንነት ልመልስልህ። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም ተነሥቶ መድኃኒት በሰው ላይ አይሞክርም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መፍቀድ አለበት። አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲቋቋም በዋናነት ለሥጋ ደዌ ምርምር ነበር። አያቴን ያዳኑት ሦስት መድኃኒቶች መጠናቸውና ጊዜያቸው የታወቀው ሰዎች በፈቃዳቸው ስለተሳተፉ ነው። ጠበሉንም ዱዓውንም ማንም አልከለከለም፤ አብረው ይሄዳሉ። እኔ ራሴ ግሸን በየዓመቱ እወጣለሁ።

ለመምህርታችን አንድ ማሟያ። አንድ ሰው ሙከራ አለ ካለሽ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቂው። የሚታወቁ ሙከራዎች ሁሉ በይፋ ይመዘገባሉ፤ የአሜሪካው መዝገብ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ ነው፤ ለአፍሪካም ለሕንድም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። ቁጥሩን ስታስገቢ የት እንደሚካሄድ፣ ስንተኛው ምዕራፍ እንደሆነ፣ ማንን እንደሚቀበልና አሁንም ታማሚ እየተቀበለ መሆኑን ያሳይሻል። ጉበታቸው ምን ያህል እየሠራ እንደሆነና ራሳቸውን ችለው መንቀሳቀስ መቻላቸውን ሁሉም ይጠይቃሉ። ቁጥር ከሌለው ስልኩን ዝጊበት።


የሐይቅ ልጅ፦

ለሁላችሁም አላህ ይስጥልኝ። ከጻፋችሁልኝ ወዲህ አምስት ቀን ሆነው። የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ለሰውየው ደውዬ የምዝገባ ቁጥሩን ጠየቅሁት። መጀመሪያ «እልክልሻለሁ» አለኝ። በማግስቱ ቁጥሩ ምሥጢር እንደሆነ ነገረኝ፤ ቅድመ ክፍያውንም ወደ 500 ሺህ ብር አወረደው። ወንድሞቼ አጠገቤ ተቀምጠው በድምፅ ማጉያ ይሰሙ ነበር። ትልቁ ወንድሜ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ዘጋው። ቤቱ አይሸጥም።

ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ደሴ ሄድኩ። ጋሼ ፋርማሲስቱ፣ እንዳሉት ነው። የላቦራቶሪው ባለሙያ የአባዬን ስም መዝገብ ላይ ፈልጎ፣ መሳቢያ ስቦ፣ ሁለት ብሎክ አወጣ። ነጭ ሰም ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ የመሰለ ነገር አለ። ሌሊት ሲያቃስት የሰማሁት ሕመም ይህን ያህል ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ባለሙያው ወንበር ሰጠኝ። አንዱን እዚያው አስቀርቶ አንዱን አስፈርሞ ሰጠኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ለምርመራ ገብቷል። የምርመራውን ዋጋ የከፈልነው ከዕድሩና ወንድሞቼ ካዋጡት ነው።

እኅቴ ከወልድያ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ አባዬን ጠየቅሁት። እስከዛሬ «ትንሽ ይቆረጥመኛል» ነበር የሚለው። ከአሥር ስንት ብዬ ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን ሲያይ ቆየና ስምንት አለኝ። ስምንት ይዞ ነው እንግዲህ እኔን ላለመቀስቀስ ሲጠነቀቅ የኖረው። ለዶክተሩ ስልክ ደወልኩ፤ ቀጠሮውን ሳንጠብቅ ደሴ ላይ የሞርፊን ሽሮፕ እንዲታዘዝለት አደረጉ። ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አዛን ድረስ ተኛ።

ስለ ሙከራውም ነገርኩት፤ ስለ ሦስት ሰው፣ ስለ መጠን፣ ስለ ወራቱ ሁሉ። ምንም አልደበቅሁትም። ካዳመጠ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «እዚህ አገር ላይ ቢሆን ግን ከእኔ የሚማሩት ነገር ይኖራል?» ሊኖር ይችላል አልኩት። «እንግዲያው አገር ውስጥ ከመጣ ስሜን አስጽፊ፤ ሕንድ ግን አልሄድም» አለኝ።

ጋሼ፣ ስለዚያኛው ክኒንና መርፌ ለዶክተሩ ጠይቄያቸው ነበር። የራስና የብራፍ ውጤት ይዤ ስመጣ እንደምንነጋገርበት ነገሩኝ። ውጤቱ በሦስት ሳምንት ይደርሳል ተብሏል። እንደደረሰ ወረቀቱ ላይ ያለውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ፤ እባክዎ ያን ጊዜ አይጥፉብኝ።